ጠበል በጠዋት፣ ክኒን በማታ

ለዚህ ቡለቲን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዋልያ ለመጻፍ ነበር። ከዳባትና ከደባርቅ የመጣን ተማሪዎች ብዕር ስናነሣ መቼም ከዋልያና ከጭላዳ አንወጣም። ጀምሬውም ነበር፤ ግን አንድ ገጽ ጽፌ ተውኩት። ሌላ የምጽፈው ነገር ስላለኝ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ "ይቅርብኝ" እያልኩ የሸሸሁት።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ክርስቲያን ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት የመሳሰለ የውስጥ ሕመም ይዞት ጠበል ሲገባ፣ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት መተው አለበት ወይ? በእኛ አገር ብዙ ሰው "አዎ" ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ብዬም ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ያ "አዎ" ከየት እንደመጣ፣ ያደግሁባት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጉዳዩ ላይ ምን እንዳለች፣ ክኒኑም ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ በቻልኩት መጠን ላስረዳ። የራሴን ታሪክ የማነሣው ሌላ በሽተኛ ላይ ጣት መቀሰር ስላልፈለግሁ ነው።

አገሩን ለማታውቁ፦ ከጎንደር በሰሜን አቅጣጫ በአስፋልቱ ስትጓዙ መጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደባርቅን ታገኛላችሁ። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች፣ ውርጭና ጋቢ። እኔ ያደግሁት ዳባት ነው። ዳባት በምርምር ዓለምም ትታወቃለች፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች የልደትና የሞት ምዝገባ ክትትል ያካሂዳል። ስለዚህ ቅጽ የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ አንደነግጥም፤ ወንበር እናቀርባለን፣ ጠላ እንቀዳለን፣ ስንት ተወለደ፣ ስንት ሞተ ብለን እንመልሳለን። ሌሊት የማይተኛ ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ ግን እኛ ቤት በመጣው ቅጽ ላይ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ እኛ ደረሰ። ከዳባት በማይርቀው ጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች የተገደሉት በእነዚያ ቀናት ነው። እኔ ጭና አልነበርኩም፤ የቅርብ ዘመድም አልሞተብኝም። ይህንን የምለው ለራሴ ለረጅም ጊዜ "አንቺ ምን ሆነሽ ነው? የሞተባቸው እያሉ!" ስለው ስለኖርኩ ነው። እኛ የሰማነው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከባድ መሣሪያ፣ ቀንና ሌሊት። ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሰው ደባርቅን ሞልቷት ነበር። ያኔ 16 ዓመቴ ነው።

ድምፁ ከቆመ በኋላ እንቅልፌ አልተመለሰም። መጀመሪያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃ ነበር፤ ከዚያ ሰባት ሰዓት፣ ከዚያ ጭራሽ አለመተኛት። ከወራት በኋላ ደግሞ ሌላው መጣ፦ ምግብ አስጠላኝ፣ አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም፣ ቅዳሴ ቆሜ ልቤ ድንጋይ ነው። ከሁሉ የከፋው እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል የሚለው ሐሳብ ነበር። ጥፋቴን እፈልጋለሁ፤ ሳጣ ደግሞ "ያልታወቀ ኃጢአት አለብኝ" እላለሁ። እንዲህ ያለ መሠረት የሌለው የጥፋተኝነት ስሜት ራሱ የሕመሙ አንዱ ምልክት እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ግን ምልክት ሳይሆን እውነት ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ ለቋንቋ ሠራተኞች አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሕመም በመጽሐፍ ላይ የተሰጠው ስም "ድብርት" ነው። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ካፌው ወጡን ሲያቀጥን "ደበረኝ" እንላለን፤ መምህር ሲቀር ደስ ብሎን፣ ሳይቀር ሲመጣ "ደበረኝ"። እንግዲህ የታመመ ልጅ "ደብሮኛል" ሲል ማን ይሰማዋል? እናቴን "ደብሮኛል እማዬ" ስላት "ተነሥተሽ ውኃ ቅጂ፣ ይለቅሻል" ነበር ያለችኝ። ክፋት አይደለም፤ ቃሉ ነው ያልያዘው። ሌላው ቃላችን "አእምሮው ተነካ" ነው፤ እሱ ደግሞ ከልክ በላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ራሱ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። በ"ደበረኝ" እና በ"አማኑኤል ግባ" መካከል የሚቀመጥ፣ ሰው ሳያፍር የሚናገረው ቃል አልነበረኝም።

ሐምሌ 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰድኩ። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ፤ በአገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔም ከብዙኃኑ ጋር ወደቅሁ። የ96 በመቶው ውድቀት ግን ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ማብራሪያ አልሆነም፤ "ይቺ ልጅ ድሮ ጎበዝ ነበረች፤ ዓይነ ጥላ ነው" ተባለ። ዓይነ ጥላ ማለት፣ የማታውቁ ካላችሁ፣ የሰውን ዕድል የሚያጨልም፣ ተማሪን ከትምህርት፣ ሴትን ከትዳር፣ ነጋዴን ከገበያ የሚያስቀር መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል። ያጽናናኝ የመጣው ሁሉ ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ትል ይዞ ይመጣል። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ወጣ፣ ያሬድም ይህን አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ የሚለውን ማለቴ ነው። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው እዚሁ ስሜን እንደሆነ ስለሚነገርና ተራራውም በስሙ ስለሚጠራ እኛ ዘንድ ያሬድ የጎረቤት ሰው ነው። ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ በዚያ ሰሞን በሰማሁት ቁጥር የባሰ ያመኝ ነበር። ትሉ የጎደለው ጽናት ነው። እኔ የጎደለኝ እንቅልፍ ነበር።

በጥቅምት 2016 አክስቴ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰደችኝ። የመረመረኝ ባለሙያ ወጣት ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጠየቀኝና አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ጻፈልኝ፤ "ማታ ማታ ዋጪ፣ ከወር በኋላ ተመለሺ" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም። አፌ እንደሚደርቅ፣ ሆዴ እንደሚደርቅ፣ ቀን ቀን እንደሚያንቀላፋኝ አልነገረኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ "ጠበል ትሄጃለሽ?" ብሎ አለመጠየቁ ነው። ስሜን ውስጥ የታመመ ሰው ጠበል ይሄድ እንደሆን መጠየቅ፣ ውኃ ትጠጣለህ ወይ እንደማለት ነው። ካልጠየቀኝ እኔም አልነግረውም፤ የሚቆጣኝ ይመስለኛል። እናም ሁለቱ ሕክምናዎቼ ሳይተዋወቁ ጀመሩ።

የዚህ ዓይነት ክኒን ባሕርይ ለዕድለ ቢስ ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ ጥቅሙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እንቅልፉ ቀደም ብሎ ሊስተካከል ይችላል፤ ስሜቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት "አልተስማማኝም" ብሎ ይተወዋል። ያን ያለፈ ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ ይጠብቀዋል፦ መሻሉ። ተሻለኝ ብሎ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን፣ ሲቆምም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማቆምን ነው የሚመክረው። ይህን ያኔ ማንም አልነገረኝም። እኔ የወደቅሁት ሁለተኛው ወጥመድ ውስጥ ነው። በሁለት ወር ገደማ መተኛት ጀመርኩ፣ ሽሮ ጣመኝ፣ አንድ ቀን ሳላስበው ሳቅሁ። እናቴ ስታየኝ "ተመስገን! በይ አሁን ጠበሉ ይጨርሰው" አለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጠበል ለ14 ቀን ገባን። ስለ ጠበሉ በሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ጩኸቱን ብቻ ነው የሚያነሣው። እኔ ከጩኸቱ በፊት ያለውን ላስታውስ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትነሣላችሁ። ጥር ነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጥር ሌሊት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጫማ አውልቆ መሄድ ነው። ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ትሰለፋላችሁ። አንድም ነገር አልቀመሳችሁም። ተራችሁ ሲደርስ ትጠመቃላችሁ፣ ትጠጣላችሁ፣ በመስቀል ትዳበሳላችሁ፤ ከዚያ ፀሐይ እስክትወጣ ተቀምጦ መጸለይ ነው። ቀን ላይ በሶና ቆሎ ነው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል። አጠገቤ ከጠለምት የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸውን በጦርነቱ ያጡ። ሌሊት ስነቃ እሳቸውም ነቅተዋል። "አንቺም አልተኛሽም?" ይሉኛል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክር የለም። ለሁለት ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ያችን ጥያቄ የሚያህል አላገኘሁም።

ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ጠበሉ የሰጠኝ ነገር ብዙ ነው። በተወሰነ ሰዓት መነሣት፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው ጋር መሆን፣ ሕመምን ሳያፍሩ ተሸክሞ መታየት። በእነዚህ ላይ ደግሞ ጸሎቱ አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ስለዚህ ጠበልን "ልማድ ነው" ብሎ የሚያጣጥል ጽሑፍ ሳይ ያናድደኛል። ችግሩ የተነሣው ከጠበሉ ሳይሆን በመግቢያው ላይ ከተነገረን አንዲት ቃል ነው፦ "መድኃኒት የያዘ እዚህ ያስቀምጥ። ሁለት ጌታ አይመለክም።"

አስቀመጥኩ። ለምን? እምነቴ እንዲፈተን ፈልጌ ነበር መሰለኝ። ክኒኑ እጄ ላይ እያለ ብድን፣ የዳንኩት በማን እንደሆነ አይታወቅም ብዬ። ይህ በጣም ቅን የሚመስል ሐሳብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለልበትም ለዚህ ነው። ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፦ ጠበል ባዶ ሆድ ስለሚጠጣና ክኒን ከምግብ ጋር ስለሚባል ሁለቱን ማስማማት ይቸግራል፤ መድኃኒቱ "መንፈሱን ያስረዋል፣ እንዳይወጣ ያደርገዋል" የሚል ወሬ አለ፤ መድኃኒት ሱስ ይሆናል የሚል ፍርሃት አለ፤ የመጓጓዣና የመድኃኒት ወጪ አለ።

በሦስተኛው ቀን ልቤ መምታት ጀመረ። ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እጅ እግሬ አላርፍ አለ፤ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ቅዠቱ አያድርስ ነው። በአራተኛው ቀን ጠበሉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ጮኽኩ። አጥማቂው "ተጋለጠ! ተናገር!" አለ። እኔ ግን የምናገረው አልነበረኝም፤ ስለዚህ የባሰ አለቀስኩ።

ይህን ቦታ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ጽሑፉን የጻፍኩት ለዚህ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰውነት የሚያሳየው ምልክት አለ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ መቁነጥነጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭትና ለቅሶ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል። አሁን ይህን ዝርዝር ወስዳችሁ ከጠበል ቦታ ሰዎች "መንፈሱ ሊወጣ ሲል የሚያሳየው ምልክት" ከሚሉት ጋር አስተያዩት። አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። እናም ነገሩ ክብ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ምልክቱ ይመጣል፣ ምልክቱ ሲመጣ "ያው መንፈስ ነው፤ መድኃኒቱ ደብቆት ነበር" ይባላል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ጨርሶ ይጣላል። ማንም አልዋሸም። አጥማቂውም ያየውን ነው የተናገረው፤ ያላየው ከአራት ቀን በፊት በር ላይ የተቀመጠውን ክኒን ነው። መንፈስ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም፤ ወንጌል የማነብ ሰው ነኝ። ያ ምልክት የየትኛው እንደሆነ ክኒኑን በድንገት አስቁሞ ማወቅ አይቻልም ነው የምለው።

ለእኔ ይህ ስቃይ ብቻ ሆኖ አለፈ። ለሚጥል በሽታ ታማሚ ግን ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። እንደ ፊኖባርቢታል ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ፣ መንቀጥቀጡ ሳያቆም እየተከታተለ ሊመጣና ሊገድል ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያቋረጠ ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይነሣበታል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል።

የኤች አይ ቪን ነገር ካነሣሁ፣ ይህ ጥያቄ በአገራችን በትልቁ የተነሣው በዚያ በሽታ ጊዜ ነው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ብዙ ሕሙማን ነበሩ፤ መድኃኒት አንወስድም ያሉና የጀመሩትን የተውም ነበሩባቸው። በ1999 ዓ.ም. ግን በጊዜው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጣሉ በይፋ ተናገሩ፤ ሕሙማኑ ሁለቱንም እንዲወስዱ መከሩ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል ዓመት አልፎ እኔ በር ላይ ክኒን አስቀመጥኩ። የእንጦጦው ቃል ሊማሊሞ ጫፍ ለመድረስ ይህን ያህል ዓመት የፈጀበት ለምን ይሆን? አንዱ መልስ ይመስለኛል፦ ያኔ ቃሉ የተነገረው ስለ አንድ በሽታ ነው። ስለ ኤድስ ሰማን፤ ስለ ድብርት፣ ስለ ሚጥል በሽታ የነገረን የለም።

ወደ ቤት በአሥረኛው ቀን ተመለስን፤ አራቱን ቀን መጨረስ አልቻልኩም። ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሆነብኝ። የካቲት ውስጥ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከእናቴ ጋብቻ ጀምሮ የቤታችን ሰው።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው መንምነሻል?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሱባኤዬን እንዳቋረጥኩ ስናገር ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ያነሡት ክኒኑን ነው።

"ለምን ተውሽው?"

"እምነት ያጎድላል ብዬ።"

ትንሽ ዝም አሉና፣ "እኔ የግፊት መድኃኒት ስውጥ ስንት ዓመቴ መሰለሽ?" አሉኝ። አላውቅም ነበር። "ጠዋት ከመቅደስ ነኝ፤ ማታ ራት በልቼ እውጣለሁ። ታዲያ እኔ እምነት የለኝም?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ሲራክን አነሡልኝ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ እንደሆነ ተጽፏል። መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያኗ ከምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ እቤታችን ባለው ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነበር፤ ገልጬው አላውቅም እንጂ። ኤልያስንም ነገሩኝ። ያን ሁሉ ተአምር የሠራ ነቢይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም፤ ምግብና ውኃ ሰጠው፣ እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው። "መጀመሪያ እንቅልፉን ነው የመለሰለት" አሉኝ አባ። የትል ታሪክ አልነገሩኝም።

ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ወደ ሐኪሙ ተመልሰሽ እንደገና ያስጀምርሽ። ከዚያ ለአርባ ቀን፣ ማታ ከራት በኋላ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ክኒኑን ትውጫለሽ። አንድ ቀን ብታጓድዪ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ጠበሉን ጠዋት ጠዋት ከቤትሽ ጠጪ።" ጾሙንም ሆዴ እስኪጠና ድረስ አቀለሉልኝ።

እንዲህ ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ለማስረዳት ይከብደኛል። ክኒኑ ያው ክኒን ነው። ግን እስከዚያ ድረስ እንደ ሌባ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ የምይዘው ነገር፣ የጸሎት ሰዓቴ አካል ሆነ። ሐኪሙ ሊያዘው የማይችለውን አባ አዘዙልኝ፤ አባ ሊጽፉት የማይችሉትን ደግሞ ሐኪሙ ጻፈው። በሁለተኛው ጉዞዬ ለሐኪሙ ስለ ጠበሉ ነገርኩት፤ ምንም አልተቆጣም። "ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከጠዋቱ ጾም ጋር አይጋጭም" አለኝ። ይኸው ነው! ስፈራው የኖርኩት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ቀን መወሰድ ያለበት መድኃኒት ከሆነም ከሐኪሙ ጋር ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ግን መጠየቅን ይፈልጋል፤ ለመጠየቅ ደግሞ አለማፈርን።

ሌላ ቦታም እንዲህ ያለ ሥራ ተጀምሯል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጠበል ቦታ አገልጋዮች እየተመካከሩ አንድን ሕመምተኛ በጋራ የረዱበትን ልምድ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በ2021 እ.ኤ.አ. በጥናት አሳትመዋል። በ2005 ዓ.ም. የጀመረው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ነበር ያለመው። እኔ ክኒኑን ያገኘሁት አዲስ አበባ ሳልሄድ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የሚያልቅበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለስድስት ቀን ያህል በግማሽ ፍሬ ቆይቻለሁ። ያኔ ማቋረጥ ማለት እምነት ወይም ክህደት አይደለም፤ መኪና አለመምጣት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልምጣ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ ነበር። በዚያ በአራተኛው ቀን ስጮኽ አንድ ሰው በስልክ ይቀርጸኝ ነበር። አላየሁትም። ግቢ ገብቼ ሪሚዲያል ስማር አንዲት የዶርም ልጅ "አንቺን የምትመስል ልጅ ዩቲዩብ ላይ አየሁ" አለችኝ። እኔ ነበርኩ። ፊቴ አልተሸፈነም። ርዕሱ "ዓይነ ጥላ ሲጋለጥ" ይላል። ቪዲዮውን የጫነውን ሰው እንዲያጠፋው ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም።

በሥነ ምግባር ኮርስ ስለ ግለሰብ ነጻነትና ስለ ፈቃድ ስንማር ምሳሌዎቻችን ሁልጊዜ ባለሥልጣንና ታዋቂ ሰው ናቸው። እኔ የማስበው ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ያለን በሽተኛ ያለ ፈቃዱ የማይቀርጽ ጋዜጠኛ፣ ያው በሽተኛ ጠበል ላይ ሲሆን ለምን ይቀርጻል የሚለውን ነው። ሕመሙ ያው ነው፤ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። ምስክርነት መስጠት የሚፈልግ ሰው ተሽሎት፣ ልብሱን ለብሶ፣ አስቦበት ይናገር። እኔ ይኸው ተናገርኩ፤ በመረጥኩት ሰዓትና በመረጥኩት ቃል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ለተግባር ልምምድ ወደ ጠበል ቦታዎች ለመሄድ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ከሄዳችሁ ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት በር ላይ ምን እንደሚባል አድምጡ፤ መድኃኒት አስቀምጡ የሚባል ከሆነ ዜናው እዚያ ነው ያለው።

ሁኔታዬን ለምትጠይቁ፣ ደህና ነኝ፤ ፍጹም ነኝ ግን አልልም። ነሐሴ ሲመጣ እንቅልፌ አሁንም ይረበሻል። ክኒኑን ለዓመት ያህል ወስጄ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ጀምረናል። ሠርክ ጸሎት ስችል እሄዳለሁ። ዳባት ስሄድ እናቴ ክኒኑን መደርደሪያው ላይ ከጠበሉ ሃይላንድ ጎን አስቀምጣ አገኘዋለሁ፤ መጀመሪያ ከሳጥን ሥር ነበር የምትደብቀው። ግቢ ስሆን ደግሞ ማታ ማታ ትደውልና "ጠጣሽ?" ትለኛለች። የትኛውን እንደሆነ አትነግረኝም፤ እኔም "ጠጥቻለሁ" እላታለሁ። ከዚያ ስለ ገብሱ እናወራለን።